«ጉንፋን ነው» ያልነው ጉንፋን አልነበረም

በዚህ ሳምንት ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ጉንፋን ነው። «አሁን በጉንፋን ላይ ምን ይጻፋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። በአገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁ የጤና ዓምድ የሚሰጠው ለጀማሪ ሪፖርተር ነበር። እኛ «ትልልቆቹ» ርእሰ አንቀጽ እንጽፋለን። ውጭ አገር ተምሮ በዲግሪ የተመለሰ ሰው ስለ ሳልና ስለ ንፍጥ ይጽፋል እንዴ? ዳሩ ግን ቤቴ የገባው በሽታ ንቀቴን አስጥሎኛልና እነሆ እንደ ጀማሪው ሪፖርተር ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ ክረምት፣ በጃንዋሪ ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነው። የምሠራው ዋሽንግተን ከተማ መሐል፣ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ጠዋት ደህና ነበርኩ። ምሳዬን በልቼ ቡናዬንም ጠጥቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለአንዲት ደንበኛ የመኪናዋን ቁልፍ ሳቀብል እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ብርድ አለኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወገቤና ጭኔ በዱላ የተቀጠቀጠ ያህል ታመመ፤ ዓይኔን ማንቀሳቀስ እንኳ አቃተኝ። አፍንጫዬ ግን ደረቅ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው የአገሬ ልጅ አየት አደረገኝና «ጉንፋን ነው ወንድሜ፤ ማታ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ውሰድበት» አለኝ። እኔም አመንኩት። ፈረቃዬን ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። ረቡዕ ዕለት በትኩሳት እየነደድኩ ተመልሼ ሥራ ሄድኩ። ለጉንፋን ብሎ ከሥራ የሚቀር ማን አለ? ሐሙስ ግን እግሬ ከአልጋ አልወርድ አለ።

ቤታችን ውስጥ የባለቤቴ እናት አሉ። ልጆቻችንን ሊያሳድጉልን ከአገር ቤት ከመጡ ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ ስኳርም አለባቸው። ማክሰኞ ማታ ገና ከበር ስገባ መልኬን አይተው ደነገጡ። ዝንጅብል አፍልተው አጠጡኝ፣ ራሴን በሻሽ አሰሩልኝ፣ ሌሊቱን ከአጠገቤ ተቀምጠው ግንባሬን ሲዳስሱ አደሩ። «እማማ፣ ይተኙ እንጂ» ብላቸው «አንተ ዝም ብለህ ተኛ፤ እኔ እንቅልፌን ድሮ ጨርሼዋለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ ማታ እሳቸው ምግብ አልበላም አሉ። ትኩሳት የላቸውም፤ አያስነጥሳቸውም። ትንሽ ያስላቸዋል፤ በጣም ደክሟቸዋል። ሌሊት ውሃ ሲሰጡኝ በሞተው ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። ባለቤቴ «ጉንፋንህን አጋባህባቸው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሮጠች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት።

«ኮልድ» አለች ልጄ

ዓርብ ጠዋት ሲብስባቸው ጎረቤታችን በመኪናው ክሊኒክ አደረሳቸው። እኔ ከአልጋ አልተነሣሁም፤ ባለቤቴ ገና ከሥራ አልወጣችም። ጎረቤታችን መኪና ይነዳል እንጂ እንግሊዝኛው ገና ነው። ስለዚህ ልታስተረጉም አብራ የሄደችው የ13 ዓመት ልጄ ነበረች። ሐኪሙ ምን እንዳመማቸው ጠየቀ። እማማ «ጉንፋን ነው ልጄ፤ ደከም አለኝ» አሉ። ልጄም የምታውቀውን ተረጎመች፤ «ኮልድ» አለች።

በእሷ አልፈርድም። ጉንፋን ማለት ኮልድ ነው ብለን ያስተማርናት እኛ ነን። ሐኪሙም ሌላ ብዙ ሳይጠይቅ «ዕረፍት ያድርጉ፣ ውሃ ይጠጡ» ብሎ አሰናበታቸው። ለኮልድ የሚባለው ይኸው ነው።

እሑድ ሊነጋ ሲል ትንፋሽ አጠራቸው፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። 911 ደወልን። ሆስፒታል አፍንጫቸው በጥጥ ተጠርጎ ሲመረመር ኢንፍሉዌንዛ ኤ ተገኘ፤ በላዩ ላይ የሳንባ ምች ተደርቦበታል። እዚያ ያገኘናት ሐኪም በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስቀርባ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችን፤ «መቼ ነው የጀመራቸው? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው ነበር?» ዓርብ ዕለት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም ሳንጠየቅ አልተናገርንም።

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ዳሩ ግን ያን ጊዜ እሳት የላሱ የነበሩት ሴትዮ ዛሬ ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ያርፋሉ። በሁለተኛው ሌሊት ልጄ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ እጄን ይዛ «ባባ፣ ቃሉን ስለተሳሳትኩ ነው?» አለችኝ። በቃላት እንጀራ ስበላ የኖርኩ ሰው ለልጄ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የዚያን ሌሊቱን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመመለስ ነው።

የጀመረበትን ሰዓት ታውቃለህ?

ለመሆኑ ጉንፋንና ፍሉ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ ሁለቱም በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በትንፋሽ ይተላለፋሉ። ዘራቸው ግን ለየቅል ነው። ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች ከሁለት መቶ ይበልጣሉ፤ ከሁሉም የሚበዛው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። ፍሉን የሚያመጣው ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ብቻ ነው። በየዓመቱ በሰው ላይ የሚዛመቱት ኤ እና ቢ የተባሉት ዓይነቶቹ ናቸው።

ጉንፋን ጨዋ እንግዳ ነው፤ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ዛሬ ጉሮሮን ይከረክራል፤ ነገ ያስነጥሳል፤ በማግስቱ አፍንጫ እንደ ምንጭ ይፈሳል፣ ከዚያም ይደፈናል። ዐዋቂ ሰው ላይ ትኩሳት እምብዛም አያመጣም። ያነጫንጫል እንጂ ሰውዬው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሠራል። በሰባትና በአሥር ቀን ውስጥም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ፍሉ ግን ሌባ ነው፤ በር ሰብሮ ይገባል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ይወድቃል። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ብርክ፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳልና ጉልበት የሚያሳጣ ድካም ይከተላሉ። ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ። ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ቢበርድም ሳሉና ድካሙ ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ።

ስለዚህ አሁን ታመምኩ የሚለኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው «መቼ ጀመረህ?» ብዬ ነው። «እንጃ፣ ከሰሞኑ ነው» ካለኝ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። «ትናንት ልክ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ» ብሎ ሰዓቱን ከቆረጠልኝ ፍሉን እጠረጥራለሁ።

ይህ ግን መጠርጠሪያ እንጂ መፍረጃ አይደለም። አንደኛ፣ ሽማግሌዎች ፍሉ ይዟቸው ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ፤ እንደ እማማ ምግብ መተውና መቃዠት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ2020 ወዲህ ኮቪድ የሚባለውን አውቀናል፤ እሱም አንዱን ቀን ጉንፋን፣ ሌላውን ቀን ፍሉ መስሎ ይመጣል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ምርመራ ነው። በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ፍሉንና ኮቪድን ባንድ ላይ የሚመረምር የቤት መመርመሪያ ያለሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

መለየቱ ምን ይጠቅማል?

«ስሙን ብናውቅ ምን ይረባናል፤ ሁለቱም በዕረፍት ይድናሉ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እርግጥ ጤነኛና ጎልማሳ ሰው ከፍሉም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለመድኃኒት ይድናል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በፍሉ በጽኑ ይታመማል፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሰውም በዚሁ ሰበብ በሚመጣ የመተንፈሻ ሕመም ይሞታል። ጉንፋን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ፍሉ ይበልጥ የሚጎዳው ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ እንዲሁም ስኳር፣ አስም፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ነው።

ለፍሉ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው። ኦሴልታሚቪር ይባላል፤ በገበያ ስሙ ታሚፍሉ የሚባለው ነው። የበለጠ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። ዘግይቶም ቢሆን በጽኑ ለታመመ ሰው ሐኪሞች ያዙታል። እማማ ዓርብ ጠዋት ክሊኒክ ሲገቡ ከጀመራቸው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት አባቶቻችን ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን ግን ለጉንፋንም ለፍሉም አይሠሩም። እነሱ የሚገድሉት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ከአገር ቤት በሻንጣ ያመጣነውን አንቲባዮቲክ በየአልጋው ሥር ደብቀን «አንድ ሁለት ፍሬ ልውሰድ» የምንል ብዙዎች ነን። ይቅርብን። ሳንባ ምች ከተደረበ ሐኪሙ ራሱ ያዝዛል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ታይለኖል የሚባለው ማስታገሻ፣ በአውሮፓ ፓራሲታሞል የሚሉት፣ በብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ሁለቱን ደራርቦ የወሰደ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል፤ ዐዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩሳት ለያዛቸው ልጆችና ወጣቶች አስፕሪን አይሰጥም፤ ራይ ሲንድሮም የተባለ አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና።

ዝንጅብሉንና ማሩን አልነቅፍም። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማርም ሳልን ያስታግሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንን የሚወድም ካለ ልጆችን ከፈላው ውሃ ያርቅ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ውጋት፣ መቃዠት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ሽንት መቅረት፣ ወይም ተሽሎት የነበረ ሰው ትኩሳቱና ሳሉ ተመልሶ ሲብስበት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ «እስኪነጋ እንይ» ማለት የለም።

ለሐኪም ምን እንበል?

አማርኛችን ድሃ ቋንቋ አይደለም። ትኩሳት አለን፣ ብርክ አለን፣ ቁርጥማት አለን፣ ደረቅ ሳል አለን። ሁሉንም ጠቅልለን «ጉንፋን» የምትል ጋቢ ስናለብሳቸው ነው የሚጠፉት። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስንቀርብ የበሽታውን ስም ለሐኪሙ እንተውለትና አራት ነገር እንናገር። የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፤ ከራስ እስከ እግር የሚሰማንን እያንዳንዱን ነገር፤ ቤት ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ ሌላ የታመመ መኖሩን፤ ያለብንን ሌላ ሕመምና የምንወስደውን መድኃኒት። እኔ አሁን እነዚህን በእንግሊዝኛ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ልጆቻችንንም ከአስተርጓሚነት እናሳርፋቸው። አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ በተከታታይ በወጡ ደንቦች መሠረት ለበሽተኛው ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አስቸኳይ ጊዜ ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎም ደንቡ አይፈቅድም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እናቶቻችን በእንግሊዝኛ ይልመዱት።

የሥራውንም ነገር አስቡበት። እኔ «ካልሠራሁ አይከፈለኝም» ብዬ ነበር ረቡዕ የሄድኩት። በኋላ ስጠይቅ ግን በዋሽንግተን ዲሲ ከ2008 ጀምሮ፣ በሜሪላንድም ከ2018 ጀምሮ ሠራተኛ እየሠራ የሕመም ፈቃድ ሰዓት የሚያጠራቅምበት ሕግ አለ። ዝርዝሩ እንደ አሠሪው ቢለያይም ያጠራቀምኩት ሰዓት ነበረኝ፤ ጠይቄ አላውቅም እንጂ። ፍሉ የያዘው ሰው ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ እስከ አምስትና ሰባት ቀን ድረስ ለሌላ ያስተላልፋል። ቢያንስ ያለማስታገሻ ትኩሳቱ ከለቀቀው 24 ሰዓት እስኪሞላ ቤቱ ይቀመጥ።

የእኛ ነገር ደግሞ መሳሳም አለበት። ለቅሶ ቤት እያሳልን ገብተን አዛውንቱን ሁሉ አራት አራት ጊዜ እንስማለን። «ካልሳምኳቸው ይቀየሙኛል» እንላለን። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለትም የእኛው ሰላምታ ነው። በሽተኛ ጥየቃም ቢሆን በስልክ ይሆናል፤ ምግቡን በር ላይ አስቀምጦ መመለስም ይቻላል።

የኅዳር በሽታ

እማማ ተሽሏቸው ትራሳቸውን ተደግፈው በተቀመጡ ዕለት ያመማቸው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኢንፍሉዌንዛ አልኳቸው፤ አልገባቸውም። ፍሉ አልኳቸው፤ ዝም አሉ። ግራ ቢገባኝ «እማማ፣ ያ የኅዳር በሽታ የሚባለውን ሰምተዋል?» አልኳቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ባያዩትም እናታቸው ነግረዋቸዋል። በ1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1918፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ አልቋል። የታሪክ ጸሐፊዎች በከተማይቱ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገምታሉ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። እኔም በልጅነቴ በዚያ ጭስ ውስጥ ስሮጥ አድጌአለሁ፤ ከምን እንደምንሸሽ ግን የነገረኝ አልነበረም።

«የእርስዎ በሽታ የዚያው ዘር ነው» ስላቸው እማማ ትክ ብለው አዩኝና «ታዲያ ለምን ጉንፋን ትሉታላችሁ?» አሉኝ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። ቃሉ በእጃችን ነበር። አያቶቻችን ይህን በሽታ ከጉንፋን ለይተው ስም አውጥተውለት፣ እንዳይረሳም በዓመት አንድ ቀን ጭስ አቁመውለት ነበር። እኛ ጭሱን ይዘን ስሙን ጣልነው።

የዛሬው ጭስ ክትባቱ ነው። ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ ለሁሉም ይሰጣል፤ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉት ጠንከር ያለ ዓይነት አለ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ በየዓመቱ ይታደሳል። ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መውሰድ ይሻላል። «መርፌው ራሱ ፍሉ ያስይዛል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ የለበትም። ክንድ ማመምና አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። የተከተበ ሰው ጭራሽ አይታመምም ማለትም አይደለም፤ ቢታመም ግን ሆስፒታል ከመግባት ብዙ ጊዜ ያድናል። በዚያ ዓመት ከቤታችን ማንም አልተከተበም ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ለጉንፋን ማን ይወጋል ብለን ነው።

አሁን ኦክቶበር ሲገባ ከቤታችን ቀድመው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ የሚቆሙት እማማ ናቸው። ልጄም አብራቸው ትሄዳለች፤ ለማስተርጎም ሳይሆን ለመከተብ። ባለፈው ፋርማሲው ድረስ አድርሼአቸው ስንመለስ እማማ በመኪናው ውስጥ ክንዳቸውን እያሻሹ ለጎረቤታችን ስልክ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ የኅዳሩን መርፌ ተወጋህ ወይስ አልተወጋህም?» አሉት። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና ሳቀች። «ባባ፣ በእንግሊዝኛ ይህ ፍሉ ሾት ነው» አለችኝ። ልክ ናት። በዚህ ጊዜ ቃሉን አልሳተችም፤ ያን ጊዜም የሳትነው እኛ ነበርን።